እናቱን ሳያዩ ቡችላ ስለ መውሰድ

(ለከተማ ነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

 በአገራችን ስለ በሬና ስለ ላም፣ ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ ብዙ ተነግሯል፣ ብዙም ተዘፍኗል፤ ሌሊቱን ሙሉ ደጃችንን ሲጠብቅ ስለሚያድረው ስለ ውሻ ግን ጉባኤ ተጠርቶ ሲነገር እምብዛም አልተሰማምና፣ የዛሬውን ግብዣ እንደ ታላቅ ክብር እቈጥረዋለሁ።

የንግግሬ ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው የውሻ ባለቤት መሆን የሚጀምረው ቡችላው ግቢ ከገባ በኋላ ሳይሆን ገና ለመውሰድ ባሰበባት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ቡችላው ከየትና ከማን እጅ እንደሚመጣ መጠየቅም የኃላፊነቱ መነሻ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሰውንና ውሻን ስላስተሳሰረው ጥንታዊ ኪዳን በአጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥዬም ዋና ጉዳዬ የሆነውን፣ ቡችላ ከየት ሊወሰድ እንደሚገባው ሰፋ አድርጌ እገልጻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለሚወለዱት ቡችላዎች፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታና ስለ ሕግ ጥቂት ጨምሬ፣ ቤት ለሚለውጡ ሰዎች በምሰጠው ምክር እፈጽማለሁ።

በጀርመን አገር፣ በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካስል በሚባለው ስፍራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1914 ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሠራተኞች አንድ ጥንታዊ መቃብር አገኙ። በውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዐፅም ነበረበት፤ ከእነርሱም ጋር የውሻ አጥንት ተገኘ። የመቃብሩ ዕድሜ 14,000 ዓመት ያህል ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የውሻውን ጥርስ የመረመሩ ሊቃውንት፣ ገና የሰባት ወር ያህል ቡችላ እንደ ነበረና ከመሞቱ በፊት ዛሬም ቡችላዎቻችንን በሚፈጀው ዲስተምፐር በሚባለው በሽታ ለሳምንታት ታሞ እንደ ነበር በጥርሱ ላይ ከቀሩት ምልክቶች ለመረዳት ቻሉ። እንዲህ ያለ በሽተኛ ቡችላ ለአደን አይረባም፣ ለጥበቃም አይሆንም፤ የሚያበላው፣ የሚያጠጣውና ከብርድ የሚሸሽገው ሰው ባይኖር ኖሮም ያን ያህል ጊዜ በሕይወት ባልቆየ ነበር። የሰው ልጅ እህል መዝራትን ከማወቁ፣ በግና ፍየል ከማርባቱ በፊት፣ ምንም ጥቅም ለማይሰጠው ቡችላ ሲራራ እናገኘዋለን ማለት ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብሁ ቊጥር፣ ውሻ ከሌሎቹ እንስሳት ሁሉ ቀድሞ ወደ ማዕዳችን የቀረበው በጥቅም ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ ውሻ በሃይማኖታችን ርኩስ የተባለ እንስሳ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ለምን ይነገርለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ሥርዐት መኖሩ እውነት ነው፤ ሥርዐቱም ይከበራል። ነገር ግን በቅዱሳት መጻሕፍታችን ከሚቈጠረው ከመጽሐፈ ጦቢት እንደምንረዳው፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት ሄዷል፤ ሲመለስም አብሮት ተመልሷል። የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም፣ በቁርኣን በዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ የተኛውን ውሻ ያውቁታል፤ በጥም ለተቃጠለ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚነገረውንም ከነቢያቸው ትምህርት ተቀብለዋል። ከመቅደስ ውጭ እንዲቆይ የታዘዘ እንስሳ ይራብ፣ ይደብደብ ተብሎ አልታዘዘም፤ ሁለቱን ነገር ያደባለቅነው እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልለፍ። በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች፣ መኪና ቀስ በሚልበት ቦታ፣ ሁለት ሦስት ቡችላ አቅፈው ለአላፊ አግዳሚው የሚያሳዩ ወጣቶችን ያላየ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ልጆች ከመኪናው የኋላ ወንበር ሆነው ይለምናሉ፤ አባት በዋጋው ይከራከራል፤ ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ አምስት ዓመት አብሮ የሚኖር ፍጡር፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ለመምረጥ ከሚወስደው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቤተሰብ ይሆናል። ሻጩን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ እርሱ የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ገዢ ባይኖረው ሌላ ሥራ በፈለገ ነበር። ነገሬ ከገዢው ጋር ነው፤ ገዢው ስለሚገዛው ነገር አንዳች አያውቅምና።

በመጀመሪያ ዕድሜውን አያውቅም። ሁለት ወር ሞልቶታል ይባላል፤ ነገር ግን ቡችላ ውበቱ የሚደምቀውና ገዢን የሚስበው በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ስለ ሆነ፣ ጡት ሳይጥል ከእናቱ ተነጥቆ የሚወጣው ብዙ ነው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሊቆይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእነዚያ ሳምንታት ከወተቱ ሌላ የሚቀበለው ትምህርት አለ። ወንድሙን በጨዋታ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል፤ እናቱን ሲነክስ በቊጣ ትመልሰዋለች፤ ጥርሱን እንዴት እንደሚገታ የሚማረው በዚህ አኳኋን ነው። ይህን ትምህርት ሳይፈጽም የመጣ ቡችላ የቤቱን ሕፃናት እጅ ሲያደማ ክፉ ነው ይባላል፤ እርሱ ግን መምህሮቹን ያለ ጊዜያቸው የተቀማ ነው።

ሁለተኛም ጤንነቱን አያውቅም። ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችላን በትውከትና ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚገድለው በሽታ፣ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱን ሳያሳይ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ይቆያል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ዓይኑ እየበራ፣ ጅራቱን እየቈላ የተገዛው ቡችላ፣ በአምስተኛው ቀን ምግብ እምቢ ሲልና ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ባለቤቱ በቤቱ ያገኘው ሕመም ይመስለዋል። ቡችላው ይሞታል፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ አባትም ልጆቹን ለማጽናናት በሳምንቱ ሌላ ገዝቶ ይመጣል። ይህም ይሞታል። የፓርቮ ተሐዋሲ በግቢው አፈርና ውሻው በተኛበት ስፍራ ለብዙ ወራት ሳይሞት መቆየት የሚችል ነውና፣ ቦታው በበረኪና ሳይጸዳና የሚመጣው ቡችላ አስቀድሞ ሳይከተብ ሌላ ማምጣት፣ ያን ፍጡር ወደ ተዘጋጀለት መቃብር መጥራት ነው። በየሰፈሩ ይህ ቤት ውሻ አይበረክትለትም፣ ደጁ አይቀናም እየተባለ ሲታማ እሰማለሁ፤ ከብዙዎቹ ቤቶች በስተጀርባ ያለው ምሥጢር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው፣ ገዢው እናቱን አለማየቱ ነው። እናቲቱን ያየ ሰው ብዙ ነገር ያያል፤ ሰውነቷ የተጐሳቈለ ወይም ደኅና መሆኑን፣ ሰው ሲቀርባት ትሸሽ ወይም ትቀርብ እንደ ሆነ፣ የተከተበች መሆኗን፣ በምን ዓይነት ቤት እንደምትኖርና ልጆቿን በምን ላይ እንደ ወለደች ይመለከታል። ቡችላ ፍርሃትን ከእናቱ ይወርሳል፤ በእርሷም አጠገብ ሆኖ ፍርሃትን ይማራል። የእንግሊዝ አገር ሰዎች ይህን ነገር በሕግ ለመወሰን ደርሰዋል። በ2013 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ሉሲ የምትባል አንዲት ትንሽ ውሻ፣ ለሽያጭ የሚሆን ቡችላ እያከታተለች እንድትወልድ ከምትገደድበት በዌልስ ከሚገኝ ማራቢያ ወጣች። በጠባብ ቤት ተዘግታ ከመኖሯ የተነሣ የጀርባ አጥንቷ ተጣሞ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተች፤ በስሟ የተጠራው ደንብ ግን ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ሥራ ላይ ዋለ፤ ነጋዴ ራሱ ያላራባውን፣ ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ ለትርፍ እንዳይሸጥ፣ ገዢም ወደ ተወለደበት ስፍራ ሄዶ ቡችላውን ከእናቱ ጋር እንዲያይ አዘዘ። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ይውጣልን ብለን እስክንጠብቅ ድረስ፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ይህን ደንብ ማጽናት ያቅተናል ብዬ አላምንም። እናቲቱን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

እንግዲህ ከየት እንውሰድ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከምታውቁት ቤት ውሰዱ የሚል ነው። አባቶቻችን ቡችላ የሚወስዱት ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ነበር፤ የእናቲቱ ጠባይ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ሰጪውም አሳደጋችሁት ወይስ ጣላችሁት ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ይህ ልማድ ጥበብ ነበረበት። ቡችላዎቹ እንደ ተወለዱ ሄዳችሁ እዩ፤ ምረጡ፤ ነገር ግን ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው ዘንድ ተዉአቸው። ሴቲቱንም አትናቁ። ሁሉ ወንድ ወንዱን ይወስድና ሴቶቹ ቡችላዎች በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጣላሉ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለ እርሱ ረጋ ብሎ መናገር ይቸግረኛል። ሴት ውሻ እንደ ወንዱ ትጠብቃለች፤ ከቤቷም ርቃ የመዞር ጠባይዋ ከወንዱ ያነሰ ነው። እንዳትወልድ ከተፈለገ መላ አለው፤ እደርስበታለሁ።

ከመንገድ ወስዶ ማሳደግም መልካም ሥራ ነው፤ በተለይ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን፣ ልጆች ያላመዱትን ውሻ። ያደገ ውሻ መውሰድ እንደ ነውር ይታያል፤ አይለምድም ይባላልና። እኔ ግን ሥራ ለሚበዛበት ቤተሰብ ከቡችላ ይልቅ ያደገውን እመክራለሁ፤ ቁመቱና ጠባዩ የታወቀ፣ ሌሊት የማያለቅስ፣ ጫማ የማይበላ ነውና፤ ምግብና የማይለወጥ እጅ ካገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ብቻ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ይታይ፣ የትል መድኃኒት ይሰጠው፣ ይከተብ። የውጭ ዘር ለሚሹም አንድ ቃል አለኝ። ጀርመን ሼፐርድ የሚፈልግ ሰው፣ ይህ ዘር በዳሌው መገጣጠሚያ መላላት የሚታወቅ መሆኑን ይወቅ፤ የአባቱንና የእናቱንም አካሄድ ቆሞ ይመልከት፤ ወንድምና እኅት ወደሚያዳቅል ሰውም አይሂድ። ስለዚህ ወገን ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ከአገራችን ውሻ ጋር ነውና፤ ይህም ውሻ ጤናማ፣ ጠንካራና በጥቂት የሚጠግብ ነው።

ቡችላው ቤት ከገባ በኋላ የሚደረግለት የመጀመሪያው ነገር በብዙ ግቢዎች ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ኃይለኛ እንዲሆን በጨለማ ቤት ይዘጋል፣ ወይም በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ሰው እንዳይለምድም ይከለከላል። ክቡራን ሆይ፣ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ስለ ውሻ ጠባይ ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሰውን፣ ሕፃናትን፣ የመኪና ድምፅን፣ ዝናብንና ደወልን ያላወቀ ውሻ ሲያድግ ሁሉን ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ወዳጁን ከጠላቱ ለይቶ አይነክስም፤ ሌባው ሥጋ ጥሎለት ያልፋል፣ ኳሱን ፍለጋ የገባውን የጎረቤት ልጅ ግን ይዘነጣጥለዋል። መልካም ጠባቂ የሚሆነው የቤቱን ሰዎች የሚወድ፣ የተለመደውን ከእንግዳው መለየት የተማረ ውሻ ነው። ቀን በአጥር ውስጥ ተፈትቶ የሚዘዋወርበት ስፍራ፣ ከዝናብ የሚጠለልበት ቤት፣ ንጹሕ ውኃና በሰዓቱ የሚሰጥ ምግብ ይኑረው፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቀን የለም።

በምግብ ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በበዓል ቀን የሚደረግ ነውና። በፋሲካ ወይም በገና በግ ሲታረድ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውኃ የቋጠረ እባጭ ከተገኘበት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። ያ እባጭ ግን የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው በጥሬው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጎመኑና በልጆች እጅ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ሰው ሆድ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ እባጭ ያበቅላል፤ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በቀር ብዙ ጊዜ አይለቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

አሁን አስቀድሜ ወደ ገባሁት ቃል፣ በቤታችን ስለሚወለዱት ልመለስ። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ትፈልጋለች፤ 63 ቀን ያህል ታረግዛለች፤ በአንድ ጊዜም አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። በጎዳና የምናየው ውሻ ከጫካ የመጣ አውሬ አይደለም፤ እርሱ ወይም እናቱ ወይም አያቱ ከአንድ ግቢ የወጣ ነው። እኔ የመንገዱን ውሻ ስመለከት ባለቤቱ ያልከፈለውን ዕዳ እመለከታለሁ። ስለዚህ ለሚወለዱት ቦታ የሌለው ሰው ወንዱን ማኰላሸት፣ ሴቲቱን ማምከን ይገባዋል። ይህ የሥነ ፍጥረትን ሥርዐት አይጻረርምን ብለው በቅን ልቡና የሚጠይቁ አሉ። የእኛ ገበሬ ግን በሬውን ኰልሽቶ ሲያርስ፣ በጉንና ፍየሉን ኰልሽቶ ሙክት ሲያደርግ ኖሯል፤ ኃጢአት ሠራህ ያለውም የለም። ለራሱ ጥቅም ያደረገውን ለእንስሳው ምሕረት ሲል ቢያደርገው ምን ነውር ይሆናል? ዛሬ ሥራው በማደንዘዣ፣ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ይደረጋል፤ እንስሳውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይድናል።

ከዚህ ጋር የተሳሰረውና ዝም ብዬ ላልፈው የማይቻለኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ በውሻ ንክሻ የሚመጣውም ከመቶ 99 ያህሉ ነው፤ ከሚሞቱትም ከመቶ 40 ያህሉ ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችን ኢትዮጵያም ይህ መቅሠፍት ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባቱ ያዳነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሐምሌ 1885 ነበር፤ በአዲስ አበባም ፓስተር እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ከእርሱ የወረሰ ነው፤ ሽማግሌዎቻችሁ በዚያ በሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ ታስታውሱታላችሁ። ይህ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ ሕፃን በዚህ በሽታ ሲሞት መስማት ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የሌለውን ያህል፣ አስቀድሞ ለመከላከል ደግሞ እንደ እርሱ የሚቀል በሽታ ጥቂት ነው። ውሻ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ። ከአንድ አገር ውሾች ከመቶ ሰባው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል።

ሰው ቢነከስ፣ ቍስሉን ወዲያው በሚፈስስ ውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ቅጠልም ሆነ በርበሬ ሳይጨምሩበት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ወደ ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ እምነቱን የምነካ ሰው አይደለሁም፤ ክትባቱን ግን አይተው፤ እግዚአብሔር የሐኪሙንም እጅ ፈጥሯልና። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ወዲያው በድንጋይ አትግደሉት። ቢቻል በደኅና ስፍራ ተይዞ ዐሥር ቀን ይጠበቅ፤ ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ ዐሥር ቀን በጤና ከቆየ ግን የተነከሰው ሰው ከትልቅ ሥጋት ይድናል። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን የዐሥሩን ቀን ውጤት ሳይጠብቅ ይጀመራል።

ብዙ ከተሞች ለዚህ ችግር መፍትሔ አድርገው የያዙት ስትሪክኒን የሚባለውን መርዝ በሥጋ ለውሶ በሌሊት መበተን ነበር። በዚያ መርዝ የሚሞት እንስሳ አእምሮው ሳይጠፋ፣ ጅማቱ እየተገተረ በታላቅ ሥቃይ ይሞታል፤ ማለዳ ለቅዳሴ የወጡ ሰዎችና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በየመንገዱ ያገኙታል። ርኅራኄውን ለጊዜው ትተን ጥቅሙን ብቻ ብንመረምር እንኳ፣ መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ ከመቶ ሰባ ለማድረስ የተደከመበትን ሥራ በአንድ ሌሊት ያፈርሳል፤ ሥጋ ቤቱና ቆሻሻው ባለበት ይቀራልና፣ በሞቱት ቦታም ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ። በክትባትና በማምከን የሚወጣው ገንዘብ ፍሬ ያፈራል፤ በመርዝ የወጣው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይወጣል።

የቸልተኝነታችን ዳርቻ የት እንደሚደርስ ለማየት የሚፈልግ ወደ ባሌ ተራሮች ይሂድ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ የቀሩትም ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህ እኩሌታ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። በ1991 እና በ1992፣ እንደ ገናም በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ገባባቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ በዚያው በባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ አለቁ። ከዚያም በኋላ በሽታው ደጋግሞ ተመልሷል። እግዚአብሔር ለአገራችን ብቻ በአደራ የሰጠውን አውሬ ለማጥፋት የቀረበው፣ ተኳሽ አዳኝ ሳይሆን አንድ ያልተከተበ የቤት ውሻ ነው። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ በየመንደሩ እየዞሩ የእረኞችን ውሾች ይከትባሉ፤ ለቀበሮዎቹም ክትባት በሥጋ ውስጥ ሸሽገው ያቀርባሉ። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ግን የከተማ ሰው በመኪና ጭኖ ወደ ገጠር የሚጥለው ውሻ ይህን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ስለ ሕጉ አጭር ቃል ብቻ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ በድንገት አምልጦ ቢሆንና ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በኦሪት ዘፀአትም ወጊ በሬ እንዳለው ተነግሮት ያልጠበቀ ባለቤት ተጠያቂ መሆኑ ተጽፏል። አጥሬ ቀዳዳ ነበረው፣ ዘበኛው በሩን ረስቶ ነበር ማለት ከዳኛ ፊት አያድንም።

የመጨረሻው ጉዳዬ በዘመናችን የመጣ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግቢ ያለውን ቤት ለቆ ወደ ኮንዶሚኒየም ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ውሻውም በፈረሰው ግቢ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ይቀራል። የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ ለሳምንታት ያንኑ በር ሲጠብቅ የሚታይ ውሻ አለ። እንዲህ ላለ ሰው የምመክረው ይህ ነው። ቤት ለመለወጥ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ፣ ከዕቃው ቀድሞ ለውሻው ቦታ ይፈለግለት፤ የክትባት ደብተሩ ከእርሱ ጋር ይሰጥ፤ ካልመከነም መክኖ ይሂድ፤ ተቀባዩ ቤት ድረስ ሄዳችሁ አጥሩንና ማደሪያውን እዩ፤ ከወር በኋላም አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ጎብኙት። አንድ መካከለኛ ውሻ በየቀኑ ጧትና ማታ እየወጣ በፎቅ ቤት ሊኖር እንደሚችልም እወቁ፤ ከመተው በፊት ይህ ይሞከር። እጅግ ያረጀ ወይም በማይድን ሕመም የሚሠቃይ፣ ተቀባይም የማይገኝለት ከሆነ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ ሳይሠቃይ እንዲያሸልብ ማድረግ አለ፤ ያን ጊዜ ግን ባለቤቱ ራሱ አጠገቡ ይቁም፤ ለዘበኛ ወይም ለሠራተኛ አደራ ብሎ አይሂድ፤ ውሻው የሚያውቀው የእርሱን ድምፅ ነውና።

 ጥያቄ ያላችሁ ብትጠይቁ፣ ቡችላ ለመውሰድ ያሰባችሁም ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ብታነጋግሩኝ፣ የምታዩትን ቡችላና እናቱን አብሬያችሁ ሄጄ ለመመልከት ፈቃደኛ ነኝ።